ዘጌን በእግር፦ ከአፋፍ እስከ ዑራ ኪዳነ ምሕረት (የቅዳሜ ጉዞ)

እግረኛው | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡15

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ስኖር 11 ዓመቴ ነው። የጣና ሐይቅ ባሕረ ገብ መሬት የሆነችውን ዘጌን ግን እስከ ትናንት አላውቃትም ነበር ብል አልዋሸሁም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ጀልባ እንከራያለን፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን እንሳለማለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ እንመለሳለን። ከጀልባ ማረፊያው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለችው አቀበት ብቻ ዘጌ ትመስለኝ ነበር።

ትናንት ሦስት ሆነን በየብስ ሄድን። በጠዋት ተነስተን አፋፍ ወረድን። ለማያውቃት፣ አፋፍ ባሕረ ገብ መሬቱ ከዋናው መሬት የሚያያዝበት ላይ ያለች የገበያ ከተማ ናት። ከዚያ ወዲያ እግር ነው። ጫካውን አቋርጠን ዑራ፣ ከዑራ ወደ ሐይቁ ወርደን በጀልባ ወደ ቤት። አካባቢውን የሚያውቅ አንድ ልጅ ከአፋፍ ይዘን ነበር። ያለ እሱ አንሞክረውም፤ መንገዱ በየደረሰበት ለሁለት ይከፈላል።

ከገበያው ድምፅ ወጥታችሁ ብዙም ሳትሄዱ ፀሐይዋ ትጠፋለች። ከላይ ዋንዛው፣ ሰሳው፣ ብሳናው፣ ሾላው። ከሥር ቡናው። አሁን ደግሞ ለቀማ ነው። አንድ ቅርንጫፍ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይና ጠቁሮ የደረቀ ፍሬ አብሮ ተደርድሮ አየሁ። አንዲት እናት ቅርንጫፉን በግራ እጃቸው ጎንበስ አድርገው ይዘው፣ ቀዩን ብቻ በአውራ ጣታቸው ገፋ እያደረጉ ወገባቸው ላይ ያሰሩት ቅርጫት ውስጥ ይጥላሉ። አረንጓዴው ንቅንቅ አይልም። አንድ ፍሬ አቀመሱኝ። ልጣጩ ማር ማር ይላል። የቡና ጣዕም የሚባል ነገር የለውም።

ጥፋታችን ውኃ ነው። አንድ አንድ ሃይላንድ ብቻ ይዘን፣ ጥላ ነው ብለን ተዘናግተን፣ መንገድ እኩል ላይ ሁሉም አለቀ። እኒያው እናት ናቸው ጓሮአቸው አስገብተው ከእንስራ በጣሳ እየቀዱ ያጠጡን። የድንጋይ ካቡ ላይ ተቀምጠን ትንሽ ተጫወትን። ኮፍያዬንም እዚያው ሳልረሳው አልቀርም። ብቻ፣ ስለ ውኃው የማነሳው ወድጄ አይደለም። ዑራ ደርሰን ቅኔ ማኅሌቱን አልፈን ወደ ቅድስቱ ስንገባ፣ የመቅደሱ ግድግዳ ከታች እስከ ላይ ሥዕል ነው። እዚያ ላይ በላዔ ሰብእ አለ። 78 ነፍስ የበላው ሰውዬ። ለተጠማ ድሃ በእመቤታችን ስም የሰጣት ጥርኝ ውኃ ናት ሚዛኑን የደፋችለት። ያንን ሥዕል ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። በጀልባ መጥቼ፣ ውኃ ጠጥቼ፣ ሳይደክመኝ። ትናንት ግን ጉሮሮዬ ላይ ገና የጣሳው ውኃ ቅዝቃዜ እያለ ነው ያየሁት። ቆሜ ቀረሁ።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፦ ሾላ ላይ ሁለት ትልልቅ ጥቁር ወፎች ነበሩ። ሲነሱ ክንፋቸው ጋቢ የሚያራግፉ ያህል ይሰማል፣ ዉፍ፣ ዉፍ፣ ዉፍ። ምንድን ናቸው? ሁለተኛ፦ ያን ሁሉ መንገድ ስንሄድ አንድም ቦታ የከብት እበት አላየንም። የገጠር መንገድ ነው፣ ሰው ይኖርበታል፣ ግን በሬ የለ፣ ላም የለ። ለምን?


የወፍ ዓይን | እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡02

ወንድሜ፣ በክንፉ ድምፅ አወቅኩት። ምንቃሩ ላይ ሌላ ምንቃር የተደረበለት ይመስላል አይደል? ፊቱ ላይ ብርማ ላባ ጣል ጣል ያለበት? ሆርንቢል ከሚባለው ወገን ነው፣ ባለ ብር ጉንጩ። ሾላ ባፈራበት ዛፍ አታጣውም።

የእሱን ነገር አንዴ ከጀመርኩ አላቆምም። ሴቷ እንቁላል ልትጥል ስትል ያረጀ ዛፍ ጉድጓድ ፈልጋ ትገባለች። ከዚያ በሩ በጭቃ ይመረጋል። እሷ ውስጥ ናት! ምንቃር የምታሾልክ ቀጭን ስንጥቅ ብቻ ትቀራለች። ወንዱ ፍሬ በጉሮሮው ይዞ ይመጣል፣ አንድ በአንድ እያወጣ በዚያች ስንጥቅ ያጎርሳታል። ይህ ለሳምንታት ነው። ጫጩቱ እስኪጠነክር ድረስ።

እንግዲህ አስቡት። ለዚህ ወፍ ማንኛውም ዛፍ አይበቃውም። እሷን የሚያህል ወፍ የሚያስቀምጥ ጉድጓድ ያለው፣ ወፍራም፣ ሽማግሌ ዛፍ ያስፈልገዋል። በጣና ዙሪያ እንዲህ ያለ ዛፍ የቀረው በአብዛኛው የት ነው? ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥና ዘጌ። ሁለቱን ባየህበት ቦታ ጎጆ አይጠፋም።

ወደ ሐይቁ ስትወርዱ አንገቱ ነጭ፣ ሆዱ ቡናማ ንስር ካያችሁ እሱ አሣ በሉ ነው። ጩኸቱን አንዴ የሰማ አይረሳውም፤ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ነው የሚጮኸው።


የዑራዋ ልጅ | እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡40

ዘጌ ተወልጄ ነው ያደግሁት። አሁን ሌላ ከተማ ነኝ። ጽሑፍህን ሳነብ የጫካው ሽታ መጣብኝ፣ ተባረክ።

ስለ እበቱ የጠየቅከው ጥያቄ የአገራችን ዋናው ታሪክ ነው። አባቶች የሚነግሩን እንዲህ ነው። አቡነ በትረ ማርያም ወደ ዘጌ ሲመጡ በትራቸውን ሦስት ቦታ ከፍለው ተከሉት። አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆነ። ምድሪቱ በእነዚህ እንድትኖር ቃል ተገባላት። ስለዚህ ዘጌ ላይ በሬ አይጠመድም፣ ሞፈር አይገባም፣ ከብት አይረባም። ልጅ እያለሁ በሬ ሲያርስ መጀመሪያ ያየሁት ከአፋፍ ማዶ ነው። እንደ ጉድ ቆሜ ነበር ያየሁት።

እህሉን ታዲያ ከየት? ቡናና ጌሾ ሸጠን እንገዛለን። ጤፉ ከውጭ ይመጣል፣ ሸክሙ በሰው ጀርባ ነው። እናቶቻችን ስንት ኩንታል ተሸክመዋል መሰለህ።

አንድ ነገር ግን ላርምህ፣ አትቀየመኝ። «ጫካ» ትለዋለህ። ለእኛ ጓሮ ነው። ያ ሁሉ ቡና ባለቤት አለው። ድንበሩን አንተ አታየውም፣ እኛ እናውቀዋለን፦ እዚህ የድንጋይ ካብ፣ እዚያ አንድ ዋንዛ። የላዩ ዛፍም ዝም ብሎ የቆመ አይደለም፤ ለቡናው ጥላ ነው፣ ቅጠሉ ማዳበሪያው ነው። ስለዚህ የሚሄድ ሰው ከመንገድ አይውጣ። ፍሬ ሲያቀምሱት ይብላ፣ በራሱ እጅ ግን አይልቀም። ሰሌን ላይ የተሰጣ ጀንፈል (ከነልጣጩ የደረቀ ቡና) ካየ ደግሞ ዞር ብሎ ይለፍ፣ አይርገጥ። ጦጣው ይበቃናል።


ማሪቱ ዘባሕር ዳር | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡20

እኔ አጭር ጥያቄ ነው ያለኝ። ሴት በዚህ ጉዞ ሁሉም ጋር ትገባለች? ስንት ሰዓትስ ይፈጃል?


የዑራዋ ልጅ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡55

ትገቢያለሽ እህትዓለም። ዑራ ሴት ታስገባለች። አንቺ የሰማሽው ክብራን ገብርኤልን ይሆናል፤ እሱ ደሴት ነው፣ ወንድ ብቻ ነው የሚገባው። ነጠላ ያዢ። ጫማ ደጅ ላይ ይወልቃል፣ ስለዚህ ቶሎ የሚወልቅ ይሁን። መቅደሱ የካህናት ነው፣ ሥዕሉን ከቅድስቱ ሆነሽ ታይዋለሽ። ወር በገባ በ16 ብትሄጂ ኪዳነ ምሕረት ናት፤ የካቲት 16 ደግሞ ዋናው ንግሥ ነው፣ ያኔ መንገዱ በሙሉ ነጭ በነጭ ነው።


እግረኛው | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡30

እኛ እየቆምን፣ እያየን፣ ውኃ እየለመንን ሦስት ሰዓት ያህል ወስዶብናል። ጠንከር ያለ ሰው በዚያ አጋማሽ ይደርሳል፤ ግን ለምን ይቸኩላል? ዳገቱ የሚያስፈራ አይደለም። ከዝናብ በኋላ ግን ድንጋዩ ላይ ቅጠል ይለጠፍና ያንሸራትታል። ሶሉ ያለቀ ሸራ ጫማ ይዛችሁ አትምጡ። ሁለት ሊትር ውኃ ለአንድ ሰው። ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ የመንገዱን ሰላም እዚያው ያለ ሰው ጋ ደውላችሁ ጠይቁ፤ የባለፈው ሳምንት ወሬ አይበቃም።

የዑራዋ ልጅ፣ «ጓሮ» ያልሽውን ተቀብያለሁ። ከእንግዲህ ጫካ አልለውም። እበቱን ደግሞ እንዲህ ያለ መልስ አለው ብዬ አልጠበቅኩም። አስበው እስቲ፣ ያ ተዳፋት በማረሻ ቢገለበጥ ኖሮ አንድ ክረምት አፈሩን ጠርጎ ሐይቅ ይከተው ነበር።


መምህሩ ጡረተኛ | ሰኞ፣ ከቀኑ 6፡10

ልጆቼ፣ ጥሩ ጨዋታ ይዛችኋል። ጥቂት ልጨምር።

የዘጌ ገዳማት መሠረት በትውፊቱ ከ14ኛው መቶ ዘመን ጋር ይያያዛል። አሁን የምታዩት ሥዕል ግን ከዚያ በብዙ ይዘገያል፤ በየዘመኑ የታደሰና የተጨመረ ነው። ጠጋ ብላችሁ ካያችሁ የተሣለው በጨርቅ ላይ ነው፣ ጨርቁ ነው ግድግዳው ላይ የተለጠፈው። የጨርቁ ጠርዝ የተላጠበት ቦታ ላይ ይታያል። ዕቃ ቤቱ ውስጥ የነገሥታት ዘውዶችና የብራና መጻሕፍት አሉ። በ16ኛው መቶ ዘመን በግራኝ ጦርነት ጊዜ ከሌላ አገር ሳይቀር መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት እየሸሸ ጣና ደሴቶች ላይ ተደብቋል። ውኃው አጥር ነበር።

አንድ ነገር ግን በጀልባም ብትሄዱ በእግርም ማንም አይነግራችሁም። ያ ቡና በበረከት ብቻ አልለማም። በ19ኛው መቶ ዘመንና እስከ 20ኛው መጀመሪያ ድረስ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ አገር ተገዝተው የመጡ ባሪያዎች ነበሩ ብዙውን የለቀሙት፣ የተሸከሙት። ባርነት በአዋጅ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው። ልጅ ሆኜ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚያወሩት። እኔ ደግሞ 30 ዓመት ታሪክ ሳስተምር አንድ ቀን ክፍል ውስጥ አላነሳሁትም። መጽሐፉ ላይ የለም ብዬ ተውኩት። ይቆጨኛል። መንገዱን ስትሄዱ የቅዱሳኑን ስም ስትጠሩ፣ ስማቸው ያልተጻፈውንም አስቡልኝ።


የዑራዋ ልጅ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡05

ጋሼ፣ እጅ ነሥቻለሁ። እኛም ቤት ይህ ነገር በሹክሹክታ ነበር። ማን ከማን እንደሚጋባና እንደማይጋባ ሲወራ ነው የሚወጣው። ልጅ እያለሁ አልገባኝም ነበር። አሁን ይገባኛል። ስለጻፉት አመሰግናለሁ።


የእናቴ ጀልባ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡20

ሁሉም ሰው በእግር ይሂድ የሚል ነገር እያነበብኩ ስለሆነ ልናገር። እናቴ 70 አልፏታል፣ ጉልበቷ አይታጠፍም። ዑራን ለመሳለም ስለት ነበረባት። ጀልባ ባይኖር ሳትደርስ ትቀር ነበር። ካረፍንበት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያቺን አቀበት ራሱ በእኔና በወንድሜ ትከሻ፣ በየአሥር እርምጃው እየተቀመጠች ነው የወጣችው። ያን ቀን ያዘነችበት አንድ ነገር ቢኖር የጀልባው ሾፌር ነው። «አንድ ሰዓት ብቻ፣ ሌላ ሰው አለኝ» እያለ ስልክ በስልክ አደረገን። ቆማ ሳትጸልይ ወረደች። እግረኛው ስለ ጊዜ የጻፍከው ለእኔ እዚህ ላይ ነው የገባኝ። በጀልባ የሚሄድ ሰው ሙሉ ቀን ተነጋግሮ ይከራይ። ብሩ ይጨምራል፣ ግን ይሻላል።


እግረኛው | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡45

ትክክል ነህ ወንድሜ። እናትህን እግዚአብሔር ያቆይልህ። እኔም የተመለስኩት በጀልባ ነው፣ ጀልባን መጥላቴ አይደለም። ያውም ወደ ከተማ ስንጠጋ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት ድረስ እንዲያደርሰን ለመንነው። ሞተሩን አጠፋ። ደንገሉ ጥግ ውኃው ላይ ሁለት ጆሮና ሁለት አፍንጫ ብቻ። ጉማሬ! አንዴ እፍ ብሎ ተነፈሰና ገባ። ያ ነው በቃ። ከዚያ በኋላ ማንም አላወራም፣ ዝም ብለን ነው ከተማ የደረስነው።


ጢስ ዓባይ በእግር | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ዘጌን ለቀመሰ ቀጣዩ የጢስ ዓባይ ዙር ነው። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሰው መኪናውን ያቆምና ፏፏቴውን በሩቁ አይቶ ይመለሳል። ዙሩን ሂዱት። ከጢስ ዓባይ ከተማ ወርዳችሁ መጀመሪያ የምታገኙት የአላታን ድልድይ ነው፣ በ17ኛው መቶ ዘመን በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ በድንጋይና በኖራ የተሠራው። ሰዉ የፖርቱጋል ድልድይ ይለዋል። እኔ የማደንቀው ሌላ ነው፦ ያ ሁሉ የዓባይ ውኃ እዚያ ጋ በጠባብ የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ያልፋል። ግንበኞቹ ቦታ ሲመርጡ ምን ያህል ወንዙን አጥንተውት እንደነበር እዚያ ቆሞ ነው የሚታየው። ገበሬው ዛሬም አህያውን ጭኖ ይሻገርበታል።

ከዚያ ሽቅብ ወጥታችሁ ፏፏቴው ፊት ለፊት ትደርሳላችሁ፣ 40 ሜትር ያህል ነው የሚወርደው። ወደ እግሩ ወርዳችሁ ተረጭታችሁ፣ ከፏፏቴው በላይ ደግሞ ወንዙን በጀልባ ተሻግራችሁ ትመለሳላችሁ። ግማሽ ቀን ይበቃዋል።

ወቅቱን ግን ምረጡ። ውኃው እንደ ድሮው አይደለም። ከሐይቁ መውጫ ላይ ጨረጨራ የሚባለው ግድብ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ነው ሥራ የጀመረው፤ 2001 ላይ ደግሞ ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ መጣ። ውኃው ወደ ተርባይኑ ሲዞር ፏፏቴው ይሳሳል። በበጋ ሄዶ ክር የምታህል ውኃ አይቶ ያዘነ ሰው ብዙ ነው። ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ሂዱ። ያኔ ስሙን ታምናላችሁ፣ ጢሱ ገና ከሩቅ ይታያል።


የወፍ ዓይን | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡25

ጢስ ዓባይ ላይ ጦጣዎቹ ምግብ ከእጅ ይነጥቃሉ። አታብሉአቸው በፈጣሪ። ዘጌም እንዲሁ። ከሰው እጅ የለመደ ጦጣ ኋላ የገበሬ ጓሮ ነው የሚገባው።


ማሪቱ ዘባሕር ዳር | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡40

ገበያ ስሄድ ታንኳ ሙሉ ማገዶ ጭነው ከዘጌ የሚመጡ ሰዎች አያለሁ። ይሄን ጨዋታችሁን ካነበብኩ በኋላ ትናንት ቆሜ አየሁት። የደንገሉ ታንኳ ሊሰምጥ ምንም አልቀረውም፣ እሱ ላይ ያ ሁሉ እንጨት። ያ እንጨት ያው የእናንተ ጥላ ዛፍ ነው ማለት ነው?


የዑራዋ ልጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

አዎ፣ አንዳንዱ ነው። ደረቅ ቅርንጫፍ የሚለቅም አለ፣ ዛፍ የሚጥልም አለ። ቡና አንዳንድ ዓመት አይሰጥም። ያኔ ቤቱ ምን ይብላ? በሬ የለው፣ እርሻ የለው። እጁ ላይ ያለው ዛፉ ብቻ ነው። ያን ታንኳ የሚቀዝፈው ሰው ለሰዓታት ቀዝፎ፣ ሸጦ፣ ማታ ተመልሶ ይቀዝፋል። በእሱ አልፈርድም። ጣናና ዙሪያው እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ደስ ብሎኛል። ግን ዛፉን ያቆየው ጓሮው ያበላው ሰው ነው። ለዚህ ነው በእግር የሚሄድ ሰው ሲበዛ ደስ የሚለኝ። በጀልባ የመጣ ማረፊያው ጋ ለማስታወሻ የምትሸጠውን ትንሿን ታንኳ ገዝቶ ይመለሳል። በእግር የመጣ ግን አፋፍ ላይ ቁርስ ይበላል፣ መንገድ የሚያሳየውን ልጅ ይከፍላል፣ ከሰው ቤት ቡናውን ከእነ ጀንፈሉ ይገዛል።

እግረኛው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ውኃ ያጠጡህ እናት ጓሮ፣ የድንጋይ ካቡ ጥግ ላይ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሾላዎች አሉ? እናትየዋ ግራ እጃቸው ላይ የመዳብ አምባር አለ?


እግረኛው | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡38

አለ! አምባሩ ቅርንጫፉን ሲይዙ ነበር ያየሁት። ሾላዎቹም አሉ፣ ወፎቹን ያየነው እዚያው ነው። ምነው?


የዑራዋ ልጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡50

አክስቴ ናቸው። አሁን ደውዬላቸው ነበር። «ያ ሲጠጣ ትን ያለው ልጅ?» አሉኝ። ኮፍያህ አለ። ጦጣ እንዳይወስደው ብለው ከቤት ውስጥ ሰቅለውታል። በ16 ለኪዳነ ምሕረት ስትመጣ ጎራ በል፣ ቡና ይወቀጥልሃል ብለዋል። ሰባት ሆናችሁም ብትመጡ አትፈሩ፣ እንስራው ሙሉ ነው።


ማሪቱ ዘባሕር ዳር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡58

እኔ ስምንተኛ ነኝ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል መናኸሪያ በር ላይ እንገናኝ?


እግረኛው | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡01

12 ሰዓት ተኩል። ሁለት ሊትር ውኃ ያዢ። ለእትዬ ስኳርና ሻማ እኔ እይዛለሁ።